ሃያ ሁለት ሰው ያለፈበት መንገድ

ነጯ ትንሽ መኪና ስታፋ ወንዝ ውስጥ ተገልብጣለች። ከበረዶ ግግሩ የሚወርደው ግራጫ ውኃ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከበላይዋ ግማሹ የተቆረጠ ድልድይ አየር ላይ ቀርቷል። የነፍስ አድን ቡድኑ ሰዎች አስከሬኑን አውጥተው በብርቱካናማ ሸራ ሸፍነውታል። የሟቿ ልጅ አምቡላንስ ውስጥ አልገባም ብላ ከሸራው አጠገብ ጠጠር ላይ ተቀምጣለች። ግራ ትከሻዋ ተሰብሯል።

«ምልክት አልነበረም» አለችኝ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳን ሳልነግራት። «መንገዱ ክፍት ነበር። አንድም ምልክት አልነበረም።»

በአይስላንድኛ ነው ያለችው። ቅላጼዋ ፖላንዳዊት መሆኗን ይናገራል እንጂ አንድ ቃል አልሳተችም።

አለቃዬ ሃኮን ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ከተራራ ላይ በቀጥታ መምጣቱ ነበር፤ የሱፍ ሹራቡ የፈረስ ላብ ይሸታል። ዕለቱ ሸለቆው በሙሉ በጋውን ተራራ ላይ የከረሙትን በጎች የሚያወርድበት ቅዳሜ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተረኛ ሆኜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ዳግኒ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «ድልድዩን ጎርፍ የቆረጠው ትናንት ማታ ነው። የመንገድ ሠራተኞች ወዲያው ታች፣ በጎችን የሚያግደው የብረት ፍርግርግ ጋ “መንገዱ ዝግ ነው” የሚል መዝጊያ አቆሙ። ዛሬ ቡድኑ ሲደርስም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዘጠኝ ሰው አይቶታል። ልጅቷ መዝጊያውን አንስታ አልፋለች፤ ከዚያ ሰው እንዳያውቅባት መልሳ አቁማዋለች። ቱሪስቶች ሁሌ የሚያደርጉት ነው።»

«ቱሪስት አይደለችም። እዚሁ ነው የምትኖረው።»

«ያው ነው።»

ሜልቦርን፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬና ሠርቼ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት «ያው ነው» የሚለውን ያህል የሰማሁት ቃል የለም። የረሳሁት ቋንቋውን ይሆን ሰዉን እያልኩ ራሴን የምጠይቅበት ቀን ብዙ ነው። ያን ዕለት ግን አልጠየቅሁም። ደሜ ፈልቶ ነበር።

*

እሑድ ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። ልጅቷ ቦግና ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስትበልት ኖራለች። እናቷ ሃሊና ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ነበረች።

«ዕድሜዋን በሙሉ ያንኑ መስመር ነው የነዳችው» አለችኝ ቦግና። «ከገበያው እስከ ሰፈራችን፣ ከሰፈራችን እስከ ገበያው። አንድ ጊዜ እንኳን እኔ ልንዳልሽ፣ አንቺ በመስኮት ታያለሽ አልኳት። ደሴቲቱን ዙሪያዋን።»

የጉዞው ደብተር ከመኪናው ወጥቶ እንዲደርቅ ማሞቂያው ላይ ተሰጥቶ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ቦግና ከሥራ መልስ የጻፈችው ነው። አሥራ አንድ ቀን፣ ለየቀኑ አንድ ገጽ። ፏፏቴው ጠዋት እንደሚያምር፣ ፀሐይ ያኔ ከኋላ ስለምትሆን። ጥቁሩ አሸዋ ጋ ለማዕበሉ ጀርባ እንደማይሰጥ፤ «እማዬን እጇን ያዥ» የሚል ከሥሩ ተሰምሮበታል። ነፋስ ባለበት የመኪና በር በሁለት እጅ እንደሚከፈት። ሃሊናን ጉልበቷን ስለሚያማት በየመቶ ኪሎ ሜትሩ እረፍት አለ። የየመንደሩ ሙቅ ገንዳ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ሳይቀር ተጽፏል። እዚህ ተወልጄ እኔ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አድርጌ አላውቅም።

የሰባተኛው ቀን ገጽ ላይ፣ «በደጋው አቋራጭ። ከአናቱ ላይ ሁለት የበረዶ ግግር በአንዴ ይታያል» ይላል። ከታች፣ «የመንገዱን ሁኔታ ጠይቂ»፤ አጠገቡ መጠየቁን የሚያሳይ ጭረት።

«ማንን ጠየቅሽ?»

«ሶልቦርግን። ማታ የምናድርበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናት። ዓርብ ያደርንበት ጎጆ ኢንተርኔት የለውም፤ ጠዋት በግድግዳው ስልክ ደወልኩላት። “መንገዱ ጥሩ ነው፣ ኑ” አለችኝ።»

«ፍርግርጉ ጋ ስትደርሺ ምን አየሽ?»

«ፍርግርጉን። በጎች እንዳይሻገሩ መንገዱ ላይ የተዘረጋውን ብረት። ከጎኑ የበጎች በር አለ፤ በሰማያዊ ገመድ ሦስት ቦታ ታስሯል። ለእማዬ አሳየኋት። “እዪ፣ እንዴት እንደሚጠነቀቁላቸው” አልኳት። ሌላ ምንም አልነበረም።»

በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«አለቃሽ መጥቶ ነበር። ዓርብ ክስ ይቀርብብሻል አለኝ። ይሰሩኝ፣ ግድ የለኝም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። አይቼው ረስቼው ይሆን? ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ይረሳል? እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ?»

«እስከ ዓርብ ስጪኝ» አልኳት።

*

የሶልቦርግ ማረፊያ ከደጋው ማዶ ነው። በባሕሩ ዳር ዞሬ ሦስት ሰዓት ነዳሁ። ሶልቦርግ ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ብረት ድስት ታማስላለች፤ ስገባም አላቆመችም።

«መንገዱ ጥሩ ነው ብለሻታል?»

«በረዶ ጥሎ እንደሆነ የጠየቀችኝ መስሎኝ ነዋ! በረዶ ደግሞ ገና አልጣለም ነበር።»

«ድልድዩ መቆረጡን ታውቂ ነበር?»

«የኔ እህት፣ ድልድዩ መቆረጡንማ ሁሉም ያውቃል።»

«እሷ አታውቅም።»

«መዝጊያው አለ አይደል እንዴ? ለማያውቅ ሰው አይደል የሚቆመው?» ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታችው። «ምን ልትዪ ነው የመጣሽው? ክፍሌ ባዶ እንዳያድር ብዬ ሰው ገደልኩ?»

በእርግጥ አስቤው ነበር። ከዚያ ወገን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መንገዱ ሲዘጋ ሳይመጣ ይቀርባታል። ግን ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ለስልሳ ሰው የበግ ሾርባ ስትሠራ ነው የዋለችው፤ ሁለት ጎረቤቶቿ አብረዋት ድንች ሲልጡ ነበር። ከዚያ ወጥ ቤት እስከ ፍርግርጉ፣ ድልድዩ ከተቆረጠ ወዲህ፣ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሶልቦርግ መዝጊያውን አልነካችም። ለቦግና ያለቻትን ግን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሕግ ስም ያላወጣለት ጥፋት አለ።

*

ሰኞ ኬቲል ቤት ሄድኩ። ለፍርግርጉ ቅርብ የሆነው እርሻ የሱ ነው። በሩ ላይ በራሱ እጅ የተቀባ ሰሌዳ አለ፤ «ወደ ቤታችሁ ሂዱ። መንገዱ ከኋላችሁ ነው» ይላል። ባለፈው ዓመት የአንድ አውቶቡስ ጎብኚዎችን በትራክተር መንገድ ዘግቶ አራት ሰዓት ሙሉ አቁሟቸዋል።

«መዝጊያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ ልትዪኝ?» አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ጎብኚዎች ገብተው ይቀጡ ብለህ ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላትሽን ይዩልሽ! እኔ ብሆን ሁለተኛ መዝጊያ እጨምርበት ነበር። ከዚያ ደግሞ በሬውን አስርበት ነበር።»

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሙቁ ገንዳ ውስጥ። ጉልበቴ ነው፤ ዘንድሮ ለበግ አልወጣሁም። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ተዘፍዝፌ ነው የዋልኩት። ሄደሽ ጠይቂያቸው።»

ስወጣ በሩን ግማሹን ይዞ ቆመ።

«ዳግኒ። በጎቹን የሚያወርዷቸው በምንድነው?»

«በፈረስ ነዋ።»

«ፈረሶቹስ ከፍርግርጉ ወዲያ እስከ ላይኛው ጎጆ በምን ይሄዳሉ?»

በሩን ዘጋብኝ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩ። በልጅነቴ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ፈረሶቹ በጭነት መኪና ነው የሚጓዙት። መኪኖቹ ፍርግርጉን አልፈው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ እስካለው ጎጆ ይወጣሉ፤ ፈረሱንና ፈረሰኛውን አራግፈው ይመለሳሉ። መዝጊያው ሳይነሳ አንድም ፈረስ አያልፍም። ይህን ዕለቱ ከወጡት ሃያ ሁለት በግ አውራጆች አንድም ሰው፣ አለቃዬን ጨምሮ፣ አልነገረኝም።

*

እዚህ አገር ሰው እውነቱን የሚያወራው አንገቱ ድረስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲሆን ነው። ከሥራ በኋላ የዋና ልብሴን ለብሼ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። አምስት ወንዶች ነበሩ፤ ኬቲል ጥግ ላይ፣ መሐል ላይ ኢንግቫር። ኢንግቫር ዘንድሮም የበግ አውራጆቹ መሪ ነው፤ በእኛ አጠራር «የተራራው ንጉሥ»። የነፍስ አድን ቡድኑም አለቃ ነው። የዕለቱ ጋዜጣ ፎቶውን በፊት ገጹ አውጥቶታል። እስከ ደረቱ ስታፋ ውስጥ ገብቶ ሃሊናን ያወጣት እሱ ነው።

«ቅዳሜ ፈረሶቹን ስታሳልፉ መዝጊያውን ማን አነሳው?» አልኩ።

ሁሉም ወደ ኢንግቫር ዞሩ።

«እኛ አነሳነው፣ እኛው መለስነው» አለ ኢንግቫር ረጋ ብሎ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳይነጋ።»

«ሲመለስ ሁላችሁም አይታችኋል?»

«ሁላችንም።» ሁለት ራሶች ተነቀነቁ።

«ኬቲልስ?»

«እኔ እዚሁ ነበርኩ እኮ» አለ ኬቲል። «በዚሁ ሱሪ።»

ሳቁ፤ ከሚገባው በላይ ሳቁ። ለበግ ያልወጣው ሦስተኛው፣ «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ጉልበቱ ሰምተናል፤ እባክሽ ማሪን» ብሎ መሰከረለት።

ኢንግቫር ወደ እኔ ቀረብ አለ። «ዳግኒ፣ የኔ ልጅ፣ ብዙ ዓመት ራቅሽ። እዚህ ሰው ገደል ሲገባ ፖሊስ እስኪመጣ አንጠብቅም፤ እርስ በርስ ነው የምንጠራራው። ያቺን ልጅ ዳገቱን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያወጣኋት።»

እውነቱን ነው። ያቃጠለኝም እውነት መሆኑ ነው።

«አዲሱን የቡድኑን መኪና ማየት ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ጋራዡ ክፍት ነው» አለኝ በኩራት። «እዚህ ማን ይቆልፋል?»

*

የቡድኑ መኪና የፊት መስታወት ላይ ትንሽ ካሜራ አለች። ሞተሩ ሲነሳ በራሷ ትቀርጻለች፤ ገና አዲስ ስለሆነች ልብ ያላት ሰው የለም። የቅዳሜውን ምስል ጣቢያ ወስጄ አየሁት።

ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓቶችን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ቦግና ከወንዙ ዳር ለእርዳታ የደወለችው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ደጋው ላይ በረዶ መጣል የጀመረው ደግሞ ስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ የአየር ሁኔታ መለኪያው መዝግቦታል። ግማሽ ሰዓት ጣለ፣ አቆመ። እኔ ስደርስ ቀልጦ አልቆ ነበር።

ምስሉ ላይ ቡድኑ ፍርግርጉ ጋ የደረሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁሉም ነጭ ነው። መዝጊያው መንገዱ መሐል ቆሟል፤ ዘጠኙ ሰዎች አልዋሹም። አጠገቡ ኢንግቫር የፈረሱን ልጓም ይዞ ቆሟል። ጥሪው በሬዲዮ ሲደርሰው ከተራራው በፈረስ ወርዶ ቀድሟቸዋል። መዝጊያውን አንስቶ ወደ ጎን ሲያደርግላቸው ይታያል።

ምስሉን አቆምኩት። መዝጊያው እግሮቹን ያሳረፈበት ቦታ ጥቁር አፈር መሆን ነበረበት፤ በረዶው ሲጥል እዚያ ቆሞ ከነበረ። ጥቁር አልነበረም። የተረገጠ በረዶ ነው። ከዚያ ወደ ግራ፣ አጥሩ ሥር፣ ሣር የሚታይበት ረጅም ጠባብ ቦታ አለ፤ ዙሪያው ነጭ፣ እሱ ብቻ አረንጓዴ። ርዝመቱ የመዝጊያው ርዝመት ነው። በረዶው ሲጥል መዝጊያው የተኛው እዚያ ነው። መልሶ ያቆመው ሰው ያቆመው በረዶው ካቆመ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ቦግና አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ትከሻዋ ተሰብሮ፣ የእናቷን ስም እየጠራች ነበር።

የበጎቹ በርም ይታያል። በሰማያዊ ገመድ፣ ሦስት ቦታ።

*

ሐሙስ ጠዋት ሃኮንንና ኢንግቫርን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ምስሉን አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው።

«ሃኮን» አልኩ። «በስንተኛው መኪና ነበርክ?»

«በመጨረሻው።»

«መዝጊያው የት ነበር?»

«አጥሩ ሥር። እኩለ ቀን ላይ የደከሙትን በጎች ለመጫን ስለምንመለስ ይቆይ ተባለ። ነፋሱም ከባድ ነበር፤ ሲያቆሙት ይጥለዋል። ሁላችንም አየነው። ድልድዩ እንደሌለ ደግሞ...»

«ሁሉም ያውቃል። ሰምቻለሁ።»

ኢንግቫር ሁለት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። «ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከዚያ ጥሪው መጣ። ስወርድ አየሁት፣ ሣሩ ላይ ተኝቷል። ያቆምኩት ለመደበቅ አልነበረም፤ በልጆቼ እምላለሁ። ሌላ መኪና ተከትሎ እንዳይገባ ነው።»

«አምንሃለሁ። እሑድስ? ሰኞስ?»

«ሰዎቹ “ቆሞ ነበር” አሉ። ሃኮን ጻፈው። ቆሞ ነበር እኮ! ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ጋዜጣው ወጣ።»

«ሰኞ ሦስት በግ ጎድሎ አሥራ አራት ሰው ፈረስ ጭኖ ወጥቷል» አልኩት። «ለሦስት በግ! ያቺ ሴት አልጋዋ ላይ ሆና እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ ብላ ስትጠይቅ ከሃያ ሁለታችሁ አንድ ሰው ስልክ አላነሳም። የበጎቹን በር ሦስት ቦታ አስራችሁ የሰውን መንገድ ከፍታችሁ ሄዳችሁ።»

«በግ ድልድዩ እንደሌለ አያውቅም» አለ ኢንግቫር፤ ከልማድ የመጣ መልስ ነበር፤ ከአፉ እንደወጣ ፊቱ ተለወጠ።

«እሷም አታውቅም ነበር።»

ሃኮን ተነሳና መስኮቱ ጋ ቆመ። «መዝገቡ ዋና ከተማው ዐቃቤ ሕግ ጋ ከሄደ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ይገባሻል? ሸለቆው በሙሉ ነው የሚጠየቀው። በሚመጣው ክረምት አንቺ ራስሽ ገደል ብትገቢ ማን ያወጣሻል?»

«ኢንግቫር ነዋ» አልኩት። «እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያወጣኛል። ለእኔ ያልገባኝ ይሄ ነው።»

ኢንግቫር አለቀሰ። ውኃ ላምጣልህ አላልኩትም።

*

ለቦግና የነገርኳት በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ገና በሩ ላይ ሆኜ፣ «አንቺ አይደለሽም» ብዬ ነው የጀመርኩት። ከዚያ መዝጊያውን፣ በረዶውን፣ ካሜራውን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«መዝጊያውን ስንት ሰው ነው ተኝቶ ያየው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ኢንግቫር ማክሰኞ አበባ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እጁን ይዤ አመሰገንኩት። እናቴን ስላወጣሃት ብዬ።» መዳፏን በብርድ ልብሱ ጠረገችው። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ቅዳሜ ወንዙ ዳር ነገርኩሽ። እሑድ እዚህ ነገርኩሽ። በደንብ በምትሰሚው ቋንቋ ነው የነገርኩሽ። እኔን ለማመን በረዶ እስኪመሰክር ለምን ጠበቅሽ?»

«ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ያለ ማስረጃ ዐቃቤ ሕጉ...»

«እነሱ “ቆሞ ነበር” ሲሉስ ማስረጃ ጠየቃችሁ?»

ከመጣሁ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎቹን ስታዘብ ከርሜያለሁ፤ እኔ ከነሱ የተለየሁ መስሎኝ።

«አልጠየቅንም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ውጪልኝ አሁን። ለወንድሜ ልደውልለት ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ስልኬን አያነሳም። እማዬን ገደልሻት ብሎ አንድ መልእክት ነው የላከልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። በሩ አልተገጠመም ነበር። ደወለች፤ አልተነሳም። ደወለች። በሦስተኛው ተነሳ፤ ድምፅዋ ወዲያው ተቀየረ። ፖላንድኛ አልችልም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጮኸች። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ እጄን ዘርግቼ አስቆምኳት። አምስት ቀን ሙሉ ስንነፍጋት የከረምነውን ነገር ነው የምትናገረው፤ እስክትጨርስ ማንም አያቋርጣትም።

ከዚያ ጣቢያ ተመልሼ የሃያ ሁለቱን ሰዎች ቃል መቀበል ጀመርኩ። በመጀመሪያ የጠራሁት አለቃዬን ነበር።